የባለክንፉ ልጅ መርዶ

እስክንድርያ፣ ኅዳር 12 ቀን 1925 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ የአክስት ልጅ፣ ለእኔም ሁለተኛ እናት ለሆኑት ለእቴቴ የትምወርቅ፤ ወላይታ ሶዶ።

ካለሁበት ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ ጥገት ላምዎ፣ ጎረቤትዎ እትዬ ጥሩዬም ጭምር እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የድንግል ልጅ ይመስገን፣ የባሕሩ ንፋስ ጉንፋን ከማስያዙ በቀር ደህና ነኝ። ያዘዙኝን መነጽር ገዝቻለሁ። የሚመጣ ሰው እስካገኝ ከሣጥኔ አስቀምጬዋለሁ።

ሥራዬ ያው በግሪኩ በሙሴ ስታቭሮ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል እየለቀሙ ለኅትመት መደርደር ነው። ሰሞኑን የምናትመው መጽሔት ግን ጉድ ነው፣ እቴቴ። ሰዎች በብረት በርሜል ተዘግተው ጨረቃ ላይ ይወጣሉ። ከናስ የተሠራ ሰው እየተራመደ ቤት ይጠብቃል፣ ሻይ ያቀርባል። ገና ያልሆነውን ነገር እንደሆነ አድርገው ይጽፉታል። እኔ ሌላ ስም ባጣለት «የነገ ተረት» ብዬዋለሁ። ሙሴ ስታቭሮ ይስቅብኛል። «የምን ነገ? ይህ ሁሉ የአያቶቼ ተረት ነው። እነዚህ ጸሐፊዎች ሞተር ብቻ ነው ያስገቡበት!» ይላል። የናሱ ሰው በጥንቱ ተረት የደሴት ዘበኛ ነበር አሉ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ደሴቱን እየዞረ ይጠብቅ ነበር። የጨረቃው መንገደኛም የድሮ አባት አለው። ያንን ልጻፍልዎ።

በጥንት ዘመን አንድ የእጅ ባለሙያ ነበረ። ብረትም እንጨትም እሺ የሚለው ሰው ነው። የአንድ ደሴት ንጉሥ እሱንና ልጁን አስሮ አስቀመጣቸው። በየብስ ዘበኛ፣ በባሕር መርከብ ሞልቶ መውጫ ቢያጡ፣ አባትየው የወፍ ላባ ለቅሞ በሰም እያጣበቀ ሁለት ጥንድ ክንፍ ሠራ። «ልጄ፣ መሐል መሐሉን ሂድ፤ ወደ ፀሐይ አትጠጋ» አለው። ልጁ ግን መብረሩ ጣመውና ወጣ፣ ወጣ። ሰሙ ቀለጠ፤ ልጁም ባሕር ገባ። አባትየው ውሃው ላይ እየዞረ ቢጣራ ከተንሳፈፈው ላባ በቀር ያገኘው የለም። ከዚያ ብቻውን በረረና አገር ገባ።

የልጁ ስም ለምላስ ስለሚያስቸግር ትቼዋለሁ። ይህን ለጎረቤቱ ሁሉ ያንብቡልኝ። አንጥረኛውን ጋሼ ኤርሳዶን ሳያስጠሩ ግን እንዳይጀምሩ፤ በተለይ ለእሳቸው ብዬ ነው የጻፍኩት። ታግሠው እስከ መጨረሻው ይስሙት።

ልጅዎ ተክለጻድቅ

ሶዶ፣ ጥር 28 ቀን 1925 ዓ.ም.

ለልጄ ለተክለጻድቅ።

የወሰደህ እግር በመለሰህ ቀን ዓይኔ ይይህ። እኔ በነፍስ አለሁ። መነጽሩን አትቸኩልበት፤ ለጊዜው ምንም የማየት ፍላጎት የለኝም።

ልጄ፣ አድገሃል። መርዶ ከዚያ በላይ በዘዴ የሚያረዳ ሽማግሌ በዚህ አገር የለም። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እንደ ልማዴ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ሰውን ሁሉ ግቢዬ ሰበሰብኩ። ኤርሳዶና ሚስቱ ቦሼ እንደሁልጊዜው ከአጥሩ በር አጠገብ ተቀመጡ። ስለ ጨረቃው ሳነብ ሰው በሳቅ ሞተ። ልጁ ባሕር ገባ ወደሚለው ስደርስ ጥሩዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ያኔ እኔም ገባኝ። ከሩቅ ጀመርክ፣ «በጥንት ዘመን» አልክ፣ የልጁን ስም ሸሸግህ፣ በተለይ ለኤርሳዶ አልክ፣ ታግሠው እስከ መጨረሻው ይስሙ አልክ። ከዚህ ወዲያ ምን ይጻፍ? አንተና የኤርሳዶ ልጅ ሶርሳ ከዚህ አብራችሁ ወጥታችሁ ጅቡቲ ላይ ከተለያያችሁ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሶርሳ አንድም ወሬ አልመጣም። «የቀረው ሰላምታ ነው» ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩ።

ሰኞ ማለዳ ሽማግሌዎች ይዘን ኤርሳዶ ደጅ ቆምን፤ አረዳነው። የቦሼን ጩኸት አልጽፈውም። ብረት ቀጥቃጭ ነው ብሎ ከደጁ የማይደርስ ሰው ሁሉ መጥቶ መሬቱ ላይ ተቀመጠ፣ ከተቀቀለው ቦይና፣ ከጎደሬው በላ። እኔም ልዋሽህ አልፈልግም፤ ሃያ ዓመት ማረሻ ሳስጠግን አንድ ቀን ግቢው ገብቼ አላውቅም ነበር። አፈርኩ። ኤርሳዶ ግን አላለቀሰም። እሳቱ ከጠፋው መሥሪያ ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ጠጋ ስል «ክንፉን የሠራሁለት እኔ ነኝ» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወናፉን አልነካም።

ባሕሩ አስከሬኑን መልሶ እንደሆነ ጻፍልኝ። ቦሼ ከልብሱ አንድ ነገር እንዲላክላት ትለምናለች። ሌላ ከአንተ የምፈልገው የለም።

የሐዘናችን ወዳጅ ሆነሃልና እግዚአብሔር ይባርክህ።

የትምወርቅ

እስክንድርያ፣ መጋቢት 10 ቀን 1925 ዓ.ም.

ለእቴቴ የትምወርቅ፤ በፍጥነት።

ሰላምታውን ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ። እቴቴ፣ ተረት ነው! ተረት ብቻ! ልጁ ከሞተ፣ ሞተ ከተባለም፣ ሦስት ሺህ ዓመት ሆኖታል። ስሙን የተውኩት አጠራሩ ስለከበደኝ ነው። ጋሼ ኤርሳዶን ያልኩት የእጅ ባለሙያ ስለሆኑ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ከመሥሪያ ቤታቸው ደጅ ቆሜ ብልጭታውን ሳይ ነበር የምውለው፤ እሳቸውን ላስደስት ብዬ ገደልኳቸው!

የሶርሳን ነገር እውነቱን ልንገርዎ። የት እንዳለ አላውቅም። ጅቡቲ ላይ ስንለያይ ከባቡር ጥገና ቤት ሥራ ሊጠይቅ እየሄደ ነበር። ዛሬውኑ ለሙሴ ስታቭሮ ወዳጅ፣ ጅቡቲ ላይ ሱቅ ላለው ግሪክ ጽፈናል። ለማስረጃ እንዲሆን ክንፍ ያለው ልጅ የተሳለበትን ገጽ ከመጽሔቱ ቆርጬ ልኬያለሁ። ያልታመነ እንደሆነ የዱቦ ሚሲዮኑን ፈረንጅ አባ ይጠይቁ። በአገራቸው ይህን ተረት ያልተማረ ሕፃን የለም።

ደብዳቤው እንደ ደረሰዎት ሮጠው ይሂዱ። ለነፍሴ ብለው።

ተክለጻድቅ

ሶዶ፣ ግንቦት 2 ቀን 1925 ዓ.ም.

ለልጄ ለተክለጻድቅ።

አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ ጭንቀትህ ከወረቀቱ ላይ ይታያል። እኔ ሮጫለሁ። በእኔ ዕድሜና በእኔ ጉልበት ሮጫለሁ። ግን ምን ዋጋ አለው?

ለኤርሳዶ አነበብኩለት። ራሱን ነቅንቆ «ተክለጻድቅ ጥሩ ልጅ ነው» አለኝ። ሰውም እንዲሁ ነው። ለካ ሐዘን ከባድ የሆነበትን ሰው «አልሞተም» እያሉ ማለሳለስ ልማዳችን ነው፤ እኔስ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ! ዱቦ ድረስ በእግሬ ሄጄ ፈረንጁን አባ አመጣኋቸው። «እውነት ነው፣ የጥንት ታሪክ ነው፤ ልጅ ሆኜ ተምሬዋለሁ» ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። ጥሩዬ እንባዋን እየጠረገች «እሳቸውንም ነግረዋቸዋል፤ አይ ደግ ሰው!» አለች።

ሥዕሉ ደግሞ ጉድ አፈላ። ቦሼ ገና ስታየው ሳመችው። «ከስቷል። ፀጉሩን ማን እንዲህ አደረገው?» ብላ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። አሁን የሚመጣ የሚሄደው ሁሉ እየገባ ያየዋል። ራቁቱን መሆኑን ብቻ ማንም ደፍሮ አያነሣም።

ሳቅሁ ብለህ እንዳታዝንብኝ። የኤርሳዶ ነገር ግን አያስቅም። የእርሻ ወራት ገብቷል፣ ገበሬው ማረሻውን ተሸክሞ ቦዲቲ ከተማ ይሄዳል፣ የእሱ እሳት እንደጠፋ ነው። ባለፈው ብቻዬን ሳጫውተው ከልጁ ጋር ተጣልተው እንደተለያዩ ነገረኝ። «ሂድ፣ አትመለስ አልኩት። ሄደ» አለኝ። በምን ተጣላችሁ ብዬ ብጠይቀው፣ ይህን የምናውቀው እኔና ልጄ ነን፤ ለማንም አልናገርም አለኝ። ቦሼ እንኳ አታውቅም።

እኔ ራሴ አምኜህ እንደሆነ ትጠይቀኝ ይሆናል። ቀን ቀን አምንሃለሁ። የኤርሳዶን ፊት ሳይ ግን እጠራጠራለሁ። ልጁን ፈልገህ አግኝ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

አምላክ እርምጃህን ያቅናልህ።

የትምወርቅ

እስክንድርያ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1925 ዓ.ም.

ለእቴቴ የትምወርቅ።

እልል ይበሉ! ቁጭ ብለው ከሆነ ይነሡ! ሶርሳ አለ!

የጅቡቲው ባለሱቅ አገኘው። ከባቡር ጥገና ቤት ብረት ሠራተኛ ሆኗል። ወፍሯል፣ ጢም አብቅሏል። ባለሱቁ ለጸሐፊነት የያዘው አንድ የእኛ አገር ሰው አለ። ሶርሳ ያለውን ቃል በቃል ጽፎ ላከልኝ። እኔ ሳነበው ደነገጥኩ። ለሐዘንተኛ አባት የሚላክ ቃል አይደለምና ላለስልሰው ብዬ ብዕር አነሣሁ። ሙሴ ስታቭሮ ተርጉሜለት ሲሰማ ብዕሩን ከእጄ ነጠቀኝ። «አንዲት ፊደል እንዳትነካ!» አለ። ስለዚህ ድፍረቱን ይቅር ይበሉና እንዳለ ያንብቡላቸው፤

«ለአባቴ ለኤርሳዶ። ሞቷል ብለህ አልቅሰህልኛል አሉ። አልሞትኩም፤ ማን እንደገደለኝ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። ያልኩህን አሁንም እላለሁ። ብረት የምታጠነክርበት መንገድ ስህተት ነው። አግለህ አግለህ ውሃ ውስጥ ትከተዋለህ፤ ቢላህ እንደ ሸክላ የሚሰበረው ለዚህ ነው። እዚህ ዘይት ውስጥ ነው የሚነከረው። ዓይኔ አይቶታል፣ እጄም ሠርቶታል። የወረወርክብኝ መዶሻ በግራ ጆሮዬ በኩል አልፎ ምሰሶውን እንደመታ አልረሳሁም። አትመለስ ስላልከኝ አልተመለስኩም፤ አንተ ያልከውን ሳደርግ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የእናቴን እግር እስማለሁ። ሶርሳ።»

እንግዲህ እንዲህ ነው የሚለው። ቢቆጡ በእኔ ይቆጡ።

ተክለጻድቅ

ሶዶ፣ መስከረም 24 ቀን 1926 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለተክለጻድቅ!

ዘመኑን የእህልና የጥጋብ ያድርግልህ፤ ጠላትህ ስምህን ሲሰማ ይሸሽ፤ ሙሴ ስታቭሮንም ያንን ብዕር ስለነጠቀህ ዕድሜውን እንደ ሰማይ ያርዝመው!

ደብዳቤህ የገባው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የጊፋታ ዋዜማ ነው። አገሩ ሁሉ ለጥጋብ ተዘጋጅቷል፣ የኤርሳዶ ግቢ ብቻ ጭር ብሏል። ሰው ሰብስቤ እዚያው ግቢው ውስጥ ማንበብ ጀመርኩ። «አልሞትኩም» የሚለው ላይ ስደርስ ማንም አልተነቃነቀም። ጥሩዬማ የለመደችውን እንባ አዘጋጅታለች። «ስህተት ነው» ስል ኤርሳዶ አንገቱን ቀና አደረገ። «ዘይት» ስል ተነሣ።

«ዘይት?» አለ። «ዘይት ለወጥ ነው እንጂ ለብረት ነው እንዴ? ይሄ ባለጌ! ቦሼ ተነሺ! ልጅሽ አለ! ሰው ሊያጽናናኝ ቢል እንዲህ ይላል? ይሄን ነገር በዓለም ላይ እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው! የሞተ ሰው አባቱን እንዲህ አይሰድብም!»

ሁላችንንም መዶሻው ወዳረፈበት ምሰሶ እየጎተተ ወስዶ አሳየን። ስርጉዱ አሁንም አለ። ከዚያ ወናፉን ያዘ። ስምንት ወር ሙሉ የጠፋው እሳት ያን ቀን ከረፋድ እስከ ማታ ነደደ። ለንዴት ሲል ብቻ ሦስት ቢላ ሠርቶ ውሃ ነክሮ አጠነከረ። ሁለቱ ተሰበሩ፤ እሱንም ለማንም አንናገርም ተባብለናል። በማግሥቱ ለለቅሶው የመጣው ሁሉ ለደስታው ተመልሶ መጣ፣ ሥጋውን በሚፋጀው የዳጣ በርበሬ እያጠቀሰ በላ፣ ዘፈነ። ሽማግሌዎቹ ከኤርሳዶ ጎን ተቀምጠው ከአንድ ገበታ ሲቆርሱ አየሁ። ቦሼን ሥዕሉን አውርጂው ብንላት እምቢ አለች። «ይሄም የሰው ልጅ ነው። እዚህ ከእኔ ሌላ ማን አለው?» አለችን።

ጥጋቡ ጋብ ሲል ያንን የመጀመሪያ ደብዳቤህን እንድደግመው ለመኑኝ፤ አሁን ተረት መሆኑን አውቀው ሊሰሙት። እንዴት ያለ ጨዋታ ሆነ መሰለህ! ኤርሳዶ በየመስመሩ ያቋርጠኛል። «ሰም? ሰው ሰም ይዞ ወደ እሳት ይሄዳል? ምስማር አጥቶ ነው?» ይላል። ክንፉ ከስስ ብረት ቢሆን፣ ከሆዱ በታች ወናፍ ቢገባለት ፀሐይንም አልፎ ይሄድ ነበር እያለ በጣቱ አፈሩ ላይ ይሥላል። «ልጁ ምንም አላጠፋም። መብረር ላይ ቀጥ ያለ ልጅ ነው። ዕቃው ነው የበደለው» አለ። እናንተ እዚያ የምታትሙትን የነገ ተረት ይህ ማንበብ የማይችል ሰው በአንድ ቀን ደረሰበት!

መጨረሻውን ሳነብ ግን ጣቱን ከአፈሩ ላይ አነሣ። «አባትየው ብቻውን አገር ገባ ነው የሚለው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ውሃውን እያየ? ለምን አልወረደም?» አለኝ።

 አንተ ካወቅህ ንገረኝ።

በነጋታው መዶሻውን በጨርቅ ሲጠቀልል አገኘሁት። ጅቡቲ እሄዳለሁ አለ። ከቦዲቲ አልፎ የማያውቅ ሰው! ከነጋዴዎች ጋር በእግሩ አዲስ አበባ ድረስ፣ ከዚያ በባቡር። ለሰው «ስህተቱን ላሳየው ነው» ይላል። የእህል ሥራ እንዳለቀ ይነሣል። ቦሼ ከአሁኑ ዳጣውን በቅል እየሞላች ነው።

መነጽሬን አሁን ላክልኝ፤ የማየው ነገር በዝቷል።

የትምወርቅ

እስክንድርያ፣ ኅዳር 29 ቀን 1926 ዓ.ም.

ለእቴቴ የትምወርቅ።

የምሥራች የጻፈ እጅዎ አይዛል። መነጽሩን አንድ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ካህን ይዞልኛል።

የጋሼ ኤርሳዶን ጥያቄ ለሙሴ ስታቭሮ ተረጎምኩለት። በእጁ የነበረውን ፊደል አስቀመጠ። «እኛ ሁልጊዜ ልጁ ለምን ወደ ላይ ወጣ እያልን ነው የምንከራከረው። ስለ አባትየው ማን ጠየቀን?» አለ። የዚያን ቀን ማተሚያ ቤቱን በጊዜ ዘጋና ምሳ ጋበዘኝ። እሱ የሚጋብዘው በሁለት ዓመት አንዴ ነው።

እኔም፣ እቴቴ፣ የራሴን የነገ ተረት ጀምሬያለሁ። የምነግርዎት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ አይሳቁብኝ። አንድ የሶዶ አንጥረኛና ልጁ ከስስ ብረት መንኮራኩር ይሠራሉ፤ ጋሼ ኤርሳዶ አፈሩ ላይ እንደ ሣሉት፣ ወናፉ ከሆዱ በታች ነው። ልጁ ጨረቃ ላይ ይወጣል። ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። አባትየው ተቀምጦ አያለቅስም፤ ሁለተኛ መንኮራኩር ይሠራና ይከተለዋል። ጨረቃ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ጽፌያለሁ። በሩን ከፍቶ ልጁን አየው። እዚህ ላይ ቆሜያለሁ። ሁለቱ ምን እንደሚባባሉ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ሁሉም የመጽሐፍ ንግግር ሆነብኝ። ለሶርሳ ጅቡቲ ጽፌለታለሁ። አባትህ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ላክልኝ ብዬዋለሁ።

ያለዚያ ሁለቱን ሰዎች ጨረቃ ላይ አቁሜ መቅረቴ ነው።

ተክለጻድቅ

ጅቡቲ፣ የካቲት 19 ቀን 1926 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተክለጻድቅ። አንድ ግልባጭ ለእማማ የትምወርቅ ሶዶ ይላክና ለእናቴ ይነበብላት።

ሳሮ! ደህና ናችሁ ወይ? ይህን የሚጽፍልኝ የባለሱቁ ጸሐፊ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይስቃል፣ ይጽፋል።

አባቴ ማክሰኞ ደረሰ። ከባቡር ሲወርድ ሙቀቱ መታውና ይህን አገር ማን አጋለው ብሎ ተሳደበ። የጠየቅኸኝን ልንገርህ። እኔ «መጣህ?» አልኩት። እሱ «ዘይቱ የታለ?» አለኝ። ሌላ ሰላምታ የለም።

ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ሥራ ቦታዬ ወሰድኩት። እንዲያስገቡት አለቃዬን ለመንኩ፤ አባቴ ነው፣ አንጥረኛ ነው አልኩ። ሁለት ብረት አጋልን፣ አንዱን በእሱ ውሃ፣ አንዱን በእኔ ዘይት። ሠራተኛው ሁሉ ከበበን። የእሱ ተሰበረ። እኔ ይቆጣል ብዬ ወደ ኋላ አልኩ። የእኔን አነሣና በጥፍሩ መታው፣ ከጆሮው አስጠግቶ ሰማው። «የእኔ ልጅ ነው» አለ። ለሁሉም እየዞረ በወላይትኛ ይነግራቸዋል፤ አንዱም አልገባውም፣ ሁሉም አጨበጨበለት።

ይህ ለተረትህ ይበቃሃል ብዬ ነበር። ግን ቃል በቃል ስላልክ የቀረውን ልጨምርልህ። ሰው ከተበተነ በኋላ እጄን ያዘ። መዳፌን ገለበጠና የእሳቱን ጠባሳ አንድ በአንድ እየነካ አየው። ሦስት ዓመት ያልነበረበትን ሁሉ ቆጠረ። ከዚያ «ይህን ሁሉ ብቻህን ተቃጠልክ?» አለኝ።

እሱን ጻፈው። እኔ የመለስኩትን አልነግርህም። እሱ ራሱ ቅባት አምጥቶ እጄን ቀባልኝ፤ ሰኞ አብረን ሥራ እንገባለን።

ሶርሳ ኤርሳዶ